ሽማግሌ የያዘው ውል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ዘነበች የቤት ሽያጭ ውሏን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ሻጩ ስም አላዛወረላትም። "ግድ የለም፣ ነገሩን ሽማግሌ ይዞታል" አለችኝ። እኔ ዋጋውንም ፊርማውንም ትቼ መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። ይህን ልማድ ያስያዘኝ የአባቴ ቤት ነው።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ኮቦ ፍርድ ቤት ደጃፍ አንድ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ታይፕ እመታለሁ። አባቴ የምንኖርበትን ቤት የገዛው ወንድሜን ክርስትና ካነሱት ከአበልጁ ከአያ ሞላ ነበር። ከፍለን ገብተንበታል፤ ስሙ ግን አልዞረም። ሽማግሌዎች በየዓመቱ ይቀመጣሉ፤ አንዴ ማሽላው ይታጨድ፣ አንዴ ጥምቀት ይለፍ እየተባለ ይነሳሉ። አባቴ ሽማግሌ ሲቀመጥ ጊዜም አብሮ የሚቀመጥ ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን የሌላ ተከሳሽ መልስ ስመታ፣ ውሉ አሥር ዓመት ስላለፈው ክሱ በይርጋ ይታገድልኝ የሚል አጋጠመኝና እጄ ቀጥ አለ። ሽማግሌ ይዞት ቢሆንስ ብዬ ጸሐፊውን ጠየቅሁት።

"ሽማግሌ ይርጋን አያቆምም" አለኝ። "ወይ ትከሻለሽ፣ ወይ ሻጩ ግዴታ አለብኝ ብሎ ይፈርማል፤ ያኔ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።"

ቤት ሮጬ ውሉን ከሳጥን አወጣሁ። አሥር ዓመት ሊሞላው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል! አባቴ ግን ፊቱን አጠቆረብኝ፤ አበልጄን ከስሼ በየት በኩል ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ አለ። ልቤ እርር አለ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ተቀመጡ። የተጠበሰ የማሽላ እሸት ይዤ ሄድኩና ሳልጠራ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"አያ ሞላ፣ ቤቱን ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?"

"ሸጫለሁ እንጂ፣ ማን ካደ?"

"እንግዲያው ይኸን ይፈርሙልኝ።"

ስም የማዛወር ግዴታ አለብኝ የሚል ጽሑፍ ታይፕ መትቼ ይዤ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ልጅቱ እውነቷን ነው አሉ። አያ ሞላ የእሸቱን ገለባ ከእጃቸው አራግፈው ፈረሙ፤ ሽማግሌዎቹም ምስክር ሆነው ፈረሙ።

በሦስተኛው ዓመት አያ ሞላ ስም ሳያዛውሩ አረፉ። ልጆቻቸው ቤቱን ልቀቁ፣ የውላችሁ ጊዜ አልፏል ብለው ከሰሱን። ዳኛው ያቺን ወረቀት አይተው ቤቱን ለእኛ ፈረዱ። አባቴ ከችሎት ሲወጣ፣ "ከአበልጄ ጋር ግን አልተካሰስኩም" አለኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቶ አይቼው አላውቅም።

የዘነበችን ቀን ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር። ሽማግሌዎቹ መቼ ይቀመጣሉ አልኳት።

"ማሽላው ሲታጨድ።"

በመስኮት አየሁ። ማሽላው ገና አላፈራም።

"ነገ በጠዋት ሮቢት ከተማ ሻጩ ቤት እንሄዳለን" አልኳት። "እምቢ ካለ ከዚያው ወደ ፍርድ ቤት ነው። እስክሪብቶውን እኔ እይዛለሁ።"