ሲያዛጉ የወለቀ መንጋጭላ

መርሳ ከተማ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ጤና መኮንን ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። በአንድ የገበያ ቀን ግራና ከምትባል ጎረቤት ከተማ የመጣ ባጃጅ ደጃችን ቆመና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከባላቸው ጋር ወረዱ። ሴትዮዋ አፋቸውን በሻሽ ሸፍነዋል። ሻሹን ገለጥ ሳደርገው አፋቸው እንደተከፈተ ቀርቷል፤ ለሐጫቸው ይወርዳል። ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ የበረታባቸው ይመስላል።

«ማንጎ ስትሸጥ አዛጋችና በዚያው ቀረች» አሉ ባልየው። «ጎረቤቱ ጂን ነው ይላል። ወልድያ ሆስፒታል ልውሰዳት ወይ?»

«ጂን አይደለም አባባ። መንጋጭላቸው ወልቆ ነው፤ እዚሁ ይመለሳል።»

ጣቴን ከጆሯቸው ፊት ሳሳርፍ የአጥንቱ ራስ የሚቀመጥበት ቦታ ጎድጉዶ ባዶ ነው። አጥንቱ ወደ ፊት ሾልኮ፣ የማኘኪያ ጡንቻዎቹ ጨምድደው ይዘውት መመለሻ አሳጥተውታል። እነዚህን ጡንቻዎች በጉልበት የታገለ ይሸነፋል፤ የሚያዋጣው ማባበል ነው። በተማርኩበት ሆስፒታል ከአስተማሪዬ ጋር ሠርቼዋለሁ።

ማስታገሻ ወጋኋቸውና ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ጭንቅላታቸውን ግድግዳ አስደገፍኩ። መንጋጭላው ሲገባ ጥርስ በድንገት ስለሚገጥም አውራ ጣቶቼን በፋሻ ጠቀለልኩ። ከዚያ ጉንጫቸውን ቀስ እያልኩ ማሸት ያዝኩ።

«እማማ፣ ትከሻዎን ይልቀቁት። እኔን ለማገዝ አይሞክሩ፤ ዝም ብለው ይተንፍሱ።»

ጡንቻው እጄ ሥር ሲላላ ተሰማኝ። ይኼኔ አውራ ጣቶቼን በታችኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ላይ አሳርፌ ወደ ታች ተጫንኩ፤ አስከትዬ ወደ ኋላ ገፋሁ። ቀጭ አለና ገባ።

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን በጣታቸው ዳሰሱት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ በለሆሳስ። ወዲያው ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሰው ጂን ያዛት ሲል አንተም አብረህ ትሰማለህ?»

ባልየው ሳቃቸውን ለቀቁት። ሴትዮዋም አብረው ሊስቁ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ አገጫቸውን ቀለብ አደረግኩት።

«እማማ! ሳቁን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ።»

አገጫቸውን በፋሻ ደግፌ፣ ለጊዜው አጥሚትና ለስላሳ ነገር ብቻ እንዲወስዱ፣ ሲያዛጉም በጡጫቸው ከሥር እንዲደግፉ ነግሬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ወዲህ በግራና መንጋጭላው የወለቀ ሰው በቀጥታ ወደ እኛ ይላክ ጀመር። አንዱን ገበሬማ እኚያው ሴትዮ ራሳቸው ይዘውት መጡ። እኔ ውስጥ ጉንጩን ሳሽ፣ እሳቸው ደጅ ተቀምጠው የምታለቅሰውን ሚስቱን ሲያጽናኑ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።