አርባ ቀን ለሁሉም
ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ያዥ ሳለሁ በኮምፒውተር የሚስተካከለኝ አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነበር፣ የሚነካውም እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ክረምት አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች በኢንተርኔት ቅጽ ይመዝገቡ ተባለ። እስከ መስከረም አንድ ሰባት ዓመት የሞላው ይገባል፤ ያልሞላው ለዓመት ይቆያል። ገጠር ውስጥ የልደት ወረቀት ያለው ልጅ ከየት ይምጣ? ያለው የየአጥቢያው የክርስትና መዝገብ ነው። እሱን ተቀብዬ ቀን ቀኑን እየገለበጥኩ ሳስገባ ሰነበትኩ። ልጅ ክርስትና የሚነሳው በተወለደ ማግስት አለመሆኑ ትዝ ያለኝ የመጨረሻውን ስም ከጻፍኩ በኋላ ነው። ድቁና ተቀብዬ፣ ስንቱ ሕፃን ሲጠመቅ ጧፍ ይዤ ቆሜ፣ ይህን መርሳቴ አናደደኝ።

ደግነቱ ቅጹ መላ ነበረው። በየስሙ ጎን ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምልክት ያደረግህባቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታረማሉ። ከሁሉ በላይ ያለችውን ሳጥን ከነካህ ደግሞ መዝገቡ እንዳለ ይመረጣል። ነካኋት። ከልደት ቀን ላይ አርባ ቀን ይቀነስ ብዬ አዘዝኩ፤ የሳምንት ሥራ ባንድ አፍታ አለቀ። ዝርዝሩን አትሜ በር ላይ ለጠፍኩና እያፏጨሁ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች። ልጅቱ አዲስ ደብተር ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«የኔ ወንድም፣ ይቺ ልጅ ለዓመት ትቆይ ተብላለች። እኔ የወለድኳት ግን በፍልሰታ ጾም ነው» አለችኝ።

ስሟን ፈልጌ አገኘሁት። «ጥቅምት ሃያ አምስት ክርስትና ተነሥታለች፣ እናቴ። ከዚያ ላይ አርባ ቀን ሲቀነስ መስከረም ዐሥራ አምስት ይሆናል። ለጥቂት ነው ያመለጣት።»

«አርባ?» አለችና ልጅቱን አየት አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። «ምነው፣ ወንድ አደረግሃት እንዴ? ሴት በሰማንያ አይደል?»

ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን፤ ይህን የማያውቅ ጎጃሜ ካለ ያን ዕለት እኔ ነበርኩ።

ሴቶቹን ብቻ እየመረጥኩ ሌላ አርባ ቀን እንዲቀነስላቸው አዘዝኩ። ኔትወርኩ ተጎተተ። እናትየው ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ የሚዞረውን ምልክት ቆማ እንደኔው ታየዋለች። በመጨረሻ ነሐሴ ዐሥር የሚል መጣ።

«ገብታለች» አልኳት።

«እሰይ» አለች፤ ልጅቱ ቀድማት በሩ ጋ ደርሳለች። እኔም ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳወርደው ሌሎች ዘጠኝ ሴት ልጆችም ወደሚገቡት ተሻግረዋል። የአንዳቸውም ወላጅ ሊጠይቅ አልመጣም። በሩ ላይ የለጠፍኩትን ዝርዝር ሰው አንብቦላቸው፣ መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል ብለው ተመልሰዋል። በማግስቱ በዚያ ጭቃ ከመንደር መንደር እየዞርኩ፣ በየደጁ «ልጃችሁ ለትምህርት ደርሳለች፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ስል ዋልኩ።