በወይዘሮ ስመኝ ፈንታ፦ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ የበርበሬ ማሳ

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ደብረ ማርቆስ

የዩኒቨርሲቲው ግቢ ጥበቃ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩን ከፈቱልን።

«በዚህ ብርድ ወዴት ነው?»

«ወደ ቡሬ፣ ለመስክ ሥራ።»

«ፈተና አለቀ እንዴ?»

«ይሄም ፈተና ነው ጋሼ» አለ በረከት። በረከት የቡድናችን መሪ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዘንድሮ ተመራቂ። ስድስት ነን። ከስድስታችን የአንደኛ ዓመት ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው በተለይ እንደኔ ገና ትምህርት ክፍል ላልተመደባችሁ ነው። ስለ ማኅበረሰብ ሥራና ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ መማር የሚፈልግ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እስኪመደብ ድረስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያለበት ይመስለኝ ነበር። የበጎ ፈቃድ ክበቡን በር አንኳኩቼ ስጠይቅ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫው ባለጉዳይ ተቀብሎ የሚያስተናግድ ተማሪ ይፈልጋል፤ ከየትኛውም ዓመት ይሁን ግድ የለውም። የመስክ ቡድኑም በየወሩ ወደ ገጠር ይወጣል። «መሄድ ትችያለሽ፤ ግን ከባድ ነው» አሉኝ። ከባድ መሆኑን ሰምቼ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ሾፌሩ መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውሎ ካጣራ በኋላ ሚኒባሱ ተነሣ። አማኑኤልን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ግራና ቀኝ የታጨደ ጤፍ፣ ክምር፣ ጭድ የተጫነች አህያ፣ ነጠላዋን ያጣፋች ወደ ገበያ የምትገሰግስ ሴት። ደምበጫ ላይ ለቁርስ ቆምን። ጾም ስለሆነ ፉልና ሻይ ነው።

ሰኞ፣ ረፋድ፤ ፍኖተ ሰላም

ከዞኑ ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ለመውሰድ ወረድን። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ እየተጋፉ ይሄዳሉ። ሌላ ሚኒባስ ስለምንይዝ ዕቃችንን የጫነልን ባለጋሪ ከላይ እስከ ታች አየንና ጠየቀ።

«እናንተ ምን ልትሠሩ ነው የመጣችሁ?»

«ማኅበረሰቡን ልናገለግል» አልኩ።

«እሰይ! እንግዲያው ዳገቱ ላይ ውረዱና ግፉልኝ፤ ፈረሴም ማኅበረሰብ ነው።»

ወርደን ገፋን።

ደብዳቤው እስኪፈረም ድረስ ቢሮው በረንዳ ላይ አንዲት የሕግ ተማሪ አየሁ። የኛው ግቢ ልጅ ናት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ በነፃ ትጽፋለች። አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ስለ ቀለብ ጉዳይ መጥተዋል። እሷ ብዙ ሳትናገር ታዳምጣለች። ስለ ሥራዋ ስጠይቃት «መጀመሪያ የሚነግሩሽ ነገር ዋናው ጉዳይ አይደለም፤ እስኪጨርሱ ጠብቂ» አለችኝ። ይህን ምክር በማግሥቱ ባስታውሰው ኖሮ ጥሩ ነበር።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ቡሬ

ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ስንገባ ከተማው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። በየደጃፉ ሸራ ተዘርግቶ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። ከሚኒባሱ የወረደ ሁሉ መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ሰላምታ ይሰጣል።

ከከተማው ባጃጅ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ቀሪውን በእግር ሄድን። ማደሪያችን የቀበሌው ገበሬ ማሠልጠኛ አዳራሽ ነው። የተቀበለችን የልማት ሠራተኛ የምናግዛቸውን ሰው አስቀድማ መርጣለች፤ ወይዘሮ ስመኝ ይባላሉ። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ርቃ አግብታለች። ቀኝ እጃቸው ካህያ ወድቀው ከተሰበረ ወዲህ አይታጠፍም። በርበሬያቸው ቀልቶ ማሳው ላይ ቆሟል። የበጋ ዝናብ ከቀደመው ይሻግታል። አንድ ዘመዳቸውም መሬቱን በእኩል ልረስልዎ ብሎ መልስ እየጠበቀ ነው። በርበሬው ከጠፋ እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ የላቸውም፤ ከዚያ በኋላ በገዛ ማሳቸው ላይ ግማሽ ጠባቂ ይሆናሉ።

«ይሄማ ቀላል ነው፤ ነገ ገብተን እንለቅማለን» አለ በረከት።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

በማለዳ ገባን። ወይዘሮ ስመኝ ማሳው ዳር ቆመው ያዩናል። ሰላምታችንን በትሕትና ተቀበሉ። እኛ ያልቀላውንም እንቀነጥሳለን፣ ቅርንጫፍም እንሰብራለን። ጎረቤቶች በመንገዱ ያልፋሉ፤ አንድም ሰው «በርቱ» አላለንም። ፀሐይዋ ሳትጠነክር ወይዘሮ ስመኝ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ጓደኞችሽን ሁሉ ጥሪልኝ።»

ተሰበሰብን።

«እግዜር ይስጣችሁ። ግን ተዉኝ።»

«ጥፋት አጠፋን እናቴ?» አልኩ።

«ጥፋትስ የለባችሁም። ጎረቤቴ ሲያልፍ አያችሁት? ስመኝ በምጽዋት አስለቀመች ሊል ነው። ደግሞ እናንተ ቅዳሜ ትሄዳላችሁ፤ እኔ እዚሁ ነኝ። ለአረሙ ማን ይመጣልኛል? ለመጪው ዓመትስ?»

 ጆንያዎቻችንን ይዘን ከማሳው ወጣን። ከምጽዋት ሌላ ምን ልንሰጣቸው እንደምንችል የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ሳለን አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ወደኛ መጡ። አያ ደምሌ ናቸው፤ የመንደሩን ወንፈል ይመራሉ። ወንፈል ለማያውቅ አንባቢ፦ ጎረቤታሞች በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ ይሠራሉ፤ የመጣልህን ሰው ቀን በቀኑ ትመልሳለህ።

«የድርጅት ናችሁ የመንግሥት?»

«ተማሪዎች ነን አያ» አልኩ።

«ተማሪ በርበሬ ሲለቅም አይቼ አላውቅም። ዛሬም አላየሁም።»

ሳቅን፤ አፍረንም ነበር። ወይዘሮ ስመኝ ያሉንን ነገርናቸው። እሳቸውም አጠገባችን ተቀመጡ።

«ስመኝን ከወንፈል ያስወጣናት እኛ አይደለንም። ‹የማልመልሰውን አልቀበልም› ብላ ራሷ ወጣች። ለመንናት፣ እምቢ አለች። ኩሩ ናት።»

«በእሳቸው ፈንታ ሌላ ሰው ቢመልስ ይቆጠራል?» አልኩ።

«ልጅ ያለው ልጁን ይልካል። ይቆጠራል እንጂ፣ ምን ነካሽ!»

በረከት ከግንዱ ላይ ተነሣ። «እንግዲያው እኛን ይላኩን! እኛ የእናንተን ማሳ እንልቀም፤ ወንፈሉ ደግሞ የእሳቸውን ይልቀም።»

አያ ደምሌ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ።

«ላንድ ሳምንት ልጅ መሆን ቀላል ነው። በሐምሌ ጭቃ፣ አረም ሲደርስ፣ ማን ሊመጣ ነው? አንተ ትምህርትህን መቼ ነው የምትጨርስ?»

«ዘንድሮ።»

«ይኸው! ከእናንተ ውስጥ ብዙ የሚቀረው ማነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ‹ፍሬሽ› ሲሉኝ ስሰማ አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን ግን ቀና ብዬ «እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ይቀረኛል» አልኩ።

«እንግዲያው ዋሳቸው አንቺ ነሽ። ቢቀሩ አንቺን ነው የምጠይቅ።»

ዋስ ከመሆኔ በፊት ክበቡን ለሚመሩት መምህራችን ደወልን። መምህራችን ሐሳቡን ወደዱት። የመስክ ቡድኑ በየወሩ ስለሚወጣ ተራ ማውጣት ይቻላል፤ ለክረምቱም የግቢው የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አለ። «ግን ቃል የገባችሁት እናንተ ናችሁ፤ ተማሪ ካልተመዘገበ እኔ ማንንም አስገድጄ አልልክም» አሉን።

ወደ ወይዘሮ ስመኝ ቤት ስንደርስ ነው ትልቁን ነገር መርሳታችን የገባን። ይህን ሁሉ ስንመክር እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። አያ ደምሌ ዙሪያውን እየዞሩ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ እያነሡ፣ በመጨረሻ ነገሩን ተናገሩ። ወይዘሮ ስመኝ አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ ከተባላችሁ እንግዲህ የምልካችሁ እኔ ነኝ። ሳልነግራችሁ አትነሡም። ዘግይታችሁ አትደርሱም። ያልቀላ በርበሬ የቀነጠሰ ከልጄ አይቆጠርም።»

«እሺ» አልን፣ ስድስታችንም ባንድ ድምፅ።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ማሳ የአያ ደምሌ ነው። ወይዘሮ ስመኝ ገና ሳይነጋ አዳራሹ ድረስ መጥተው ቀሰቀሱን። ወገብን አጉብጦ መዋል ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ቀዩን ብቻ፣ ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ይዞ፣ ወደ ላይ። ረፋዱ ላይ ላቤን ልጠርግ እጄን ወደ ዓይኔ ሰደድኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጩኸቴን ነው።

አንዲት ሴት በጣሳ ወተት ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ኧረ በጾም ወተት!» አሉ አያ ደምሌ።

«በዓይን አይበላም፤ ዝም በሉ አያ!» አለችና ፊቴን አጠበችልኝ። ከዚያ ወዲህ የማሳው ሰው ሁሉ ‹ያቺ በዓይኗ የገደፈችው› ይለኝ ጀመር።

ማታ ላይ ሂሳብ ተደረገ። የስድስታችን ቀን እንደ ሦስት ሰው ቀን ተቆጠረ።

«አያ፣ ይሄ ፍትሕ ነው?» አለ በረከት። «እኛ እኮ የማኅበራዊ ፍትሕ ተማሪዎች ነን!»

«ፍትሕማ ሁለት ነበር። ለስመኝ ብዬ ነው ሦስት ያልኩ።»

 ወይዘሮ ስመኝ ግን ወደ ቤታቸው ከመመለሳቸው በፊት የለቀምነውን ጆንያ እየከፈቱ ሲያዩ አየኋቸው።

ሐሙስ

የገብርኤል በዓል ነው። ማንም እጁን ከማሳ አያደርስም። ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ቀመስን፤ ካህናቱም መርቀውን የት እንደምንማር ጠየቁን። ከሰዓት በኋላ ግን ከፈረስ ቤት በኩል፣ ከደጋው ራስ ላይ፣ ጥቁር ደመና ተነሣ። የወይዘሮ ስመኝ ተራ ነገ ነው።

«እኛ ብቻችንን ቀስ ብለን እንልቀም?» አለ በረከት።

«በበዓል? ወንፈሉ ይህን ካየ ነገ ይቀርብኛል» አሉ ወይዘሮ ስመኝ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ። እኔም አብሬ አያለሁ። ደመናው ወደኛ መጣ፣ ጨለመ፣ ጥቂት ጠብ ጠብ አደረገ። ወይዘሮ ስመኝ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው «ተው እንጂ ገብርኤል፣ በራስህ ቀን!» አሉ፣ እንደ ጎረቤት እየተቆጡት። ሲመሽ ነፋሱ ደመናውን ወደ ሌላ ወሰደው።

ዓርብ

ጉሙ ወፍራም ነው። እኛ ማሳው ላይ ደርሰናል፤ ሌላ ሰው ግን የለም። ወይዘሮ ስመኝ ንፍሮውንና ጠላውን አዘጋጅተው ጨርሰዋል። መንገዱን አያዩም፤ ጆንያ ያጣጥፋሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግመው ያጣጥፋሉ። በረከት ሊያጽናናቸው አንድ ነገር ሲጀምር በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ከዚያ የአያ ደምሌ ድምፅ።

«ስመኝ! ንፍሮው ጨው አለው ወይስ እንደ አምናው ነው?»

«አምና መች መጣህና!»

እየተከታተሉ ከጉሙ ወጡ፤ ባሎች፣ ሚስቶች፣ ጎረምሶች። ማንም ‹ልናግዝሽ መጣን› አላለም። እየተቀላለዱ መስመር መስመራቸውን ያዙ። ወይዘሮ ስመኝ በደኅናው እጃቸው እየጠቆሙ ማሳውን አከፋፈሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «ከዚያ ጥግ ጀምሩ! አንተ፣ ቅርንጫፉን! ያቺ የገደፈችው ልጅ፣ እጅሽን ከፊትሽ አርቂ!» ከሰዓት በኋላ ማሳው ላይ አረንጓዴው ብቻ ቀረ። ቀዩ በሙሉ ደጃፋቸው ላይ ተሰጣ።

ጠላው ሲቀዳ አያ ደምሌ ጠየቋቸው። «ለዘመድሽ ምን ልበለው? ከገበያ አገኘዋለሁ።»

«ስመኝ ራሷ ታርሳለች በለው። ወንፈል አላት።»

ቅዳሜ

ስንሰናበት ምርቃት ጠብቄ ነበር፤ አንገቴንም ዝቅ አድርጌያለሁ። ወይዘሮ ስመኝ ግን ሌላ ሐሳብ ላይ ናቸው።

«ለሚመጣው ወር ተራው የቄሱ ማሳ ነው። የምትልኪልኝ ልጅ ወገቡ የጠና ይሁን። ሦስት ብለው የቆጠሩብኝን አልረሳሁም። ሰው ፊት እንዳታሳፍሩኝ።»

«እሺ እናቴ።»

«አንቺም ራስሽ ነይ። ዋስ ነሽ።»

በመልስ ጉዞው ጂጋን ሳናልፍ ሁሉም ተኛ። እኔ ግን ለቄሱ ማሳ ማንን እንደምልክ አስባለሁ። ደብረ ማርቆስ ስንገባ እየመሸ ነበር። ዶርም እንደደረስኩ ቦርሳዬን ሳላወርድ ጓደኞቼን መጠየቅ ጀመርኩ። አንዷ «እኔ እኮ አንደኛ ዓመት ነኝ፤ ምን እጠቅማለሁ?» አለችኝ።

«ስንት ዓመት ይቀርሻል?» አልኳት።