ቆርቆሮው ላይ የተወረወረ ጥርስ

ይህ ሊጻፍ የሚገባው ታሪክ መሆኑን አሁንም እጠራጠራለሁ። ከእኔ ይልቅ ብዙ የታሰሩ፣ ብዙ የተጎዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ የማስታውሰው የአንዲት ልጅ ጥርስ ነው። ሆኖም ስለዚያ ጊዜ ስጠየቅ ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

የተያዝኩት ደባርቅ መናኸሪያ፣ የጎንደር አውቶብስ ስጠብቅ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት እጠባበቅ ነበር። ስልኬ ላይ ባገኙት ጽሑፍ ምክንያት "ትፈለጋለህ" አሉኝ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ የገብስ አቧራ ይሸታል። አሥራ ስድስት ሰው ይተኛበታል። በሩ አጠገብ የነበሩ ሽማግሌ ፍራሻቸውን ጠጋ አድርገው "ና፣ እዚህ ሁን" አሉኝ። የከተማው ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ስብሰባ ላይ በተናገሩት ነገር ነው የታሰሩት።

እሑድ እሑድ ቤተሰብ ምግብ ያመጣል። ያመጣው ሰው ፖሊሱ ፊት ቀምሶ ነው የሚያስገባው። ከዚያ በሽቦው አጥር በኩል አምስት ደቂቃ መነጋገር ይፈቀዳል። በጥር ወር አንድ እሑድ የሽማግሌው ምራት ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር መጣች። ፖሊሱ ቂጣውን ቆርሶ ለልጅቱ ሰጣት። በጎን ጥርሷ አኘከችው።

"ወልቋል!" አሉ ሽማግሌው ሽቦውን ይዘው። "መቼ ወለቀ?"

"ሐሙስ፣ አባባ። ሌላ ሰው አይወረውርልኝም ብዬ ደበቅሁት።"

ከጨርቅ ቁራጭ ፈትታ አሳየቻቸው። በእኛ አገር የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይወረወራል፤ አሞራ አሮጌውን ወስዶ አዲስ እንዲሰጥ ይለመናል።

"ዕቃ ማቀበል ክልክል ነው" አለ ፖሊሱ።

"ዕቃ አይደለም፣ ጥርሴ ነው!"

ምራታቸው በዚህ መሀል "አባባ፣ የጠበቃው ጉዳይ..." ስትል ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

"እሱ ይቆየናል። ይቺ አትቆየንም።" ወደ ፖሊሱ ዞሩ። "ልጄ፣ ያንተን ማን ወረወረልህ?"

"ራሴ ነኛ።"

"ለዚህ ነዋ የተንጋደደው!"

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ፖሊሱ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ እሱም ይስቅ ነበር። ጥርሱን ከልጅቱ ተቀብሎ አቀበላቸው።

ሽማግሌው ኮታቸውን ቆለፉ፣ ኮፊያቸውን አስተካከሉ። በዚያ ግቢ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር የምንናገረው። እሳቸው ግን እቤታቸው ደጃፍ እንደቆመ ሰው ጮክ ብለው "አሞራ! አሮጌውን ውሰድ፣ አዲስ ነጭ ስጣት!" አሉና ወረወሩ። ጥርሱ ቆርቆሮው ላይ ተንከባሎ ተመልሶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

"አሞራውም ዋስ ይፈልጋል!" አለ አንዱ እስረኛ።

ጎንበስ ብለው አነሱት። በሁለተኛው ጣሪያው ላይ ቀረላቸው። ልጅቱ አጨበጨበች። ጊዜው አለቀ።

እኔ ተበሳጨሁ። "አባባ፣ አምስቱ ደቂቃ በጥርስ አለቀ እኮ። ስለ ክሱ እንኳ አልሰሙም።"

"አልቋላ" አሉ። "የልጆቼ ጥርስ መቼ እንደወለቀ አላውቅም። ዳባት ገበያ፣ ደባርቅ ገበያ ስል አደጉብኝ። ይቺም እያደገችብኝ ነው። ልጅ ሳለች ልያት እንጂ።"

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ መጀመሪያ የሚሏት "አፍሽን ክፈቺ" ነበር። እኛ ስለ ምርመራው ስናወራ እሳቸው "ጫፉ ብቅ ብሏል"፣ "ግማሽ ደርሷል" ይሉናል። ቀስ በቀስ እኛም እንጠይቃቸው ጀመር።

አሁን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነኝ። ጃናሞራ እቤት ስደውል ስለ ትምህርቴ ከማውራቴ በፊት ታናሽ እህቴን እንዲያገናኙኝ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ጫማዋ እንደጠበባት ነገረችኝ፤ የትኛውን ጣቷን እንደሚያማት ሳይቀር ጠየቅኋት።

ሽማግሌውና እኔ የተፈታነው በአንድ ቀን ነው። የልጅቱ ጥርስ ያኔ ሙሉ ሆኖ ነበር። ግንቦት ሁለት፣ የልደታ ማግስት።