በመስኮቱ ሥር ሦስት እርምጃ

በእኛ ሰፈር የምራት ሙያ የሚለካው በጆሮ ነው። ጎህ ሳይቀድ ውሃ ተረጭቶ ግቢውና የበሩ ደጃፍ ሲጠረግ ድምፁ ከግንብ ግንብ ይሻገራል። አሮጊቶቹም አልጋቸው ላይ እንዳሉ ማን እንደነቃች፣ ማን እንዳረፈደች፣ ማን ደግሞ ከባሏ ተኳርፋ እንደምትጠርግ ለይተው ያውቃሉ። ድምፅ ካልተሰማ ረፋድ ላይ አንዷ ብቅ ትልና፣ እነ እገሌ ቤት ሰው ታሟል እንዴ ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው የአዛኝ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ዙልሁሞር በዚህ ሚዛን ተመዝና ያልጎደለች ምራት ነበረች። ከሪሽታን ከተማ ተድራ ወደ እኛ ከተማ ወደ ኮካንድ ከመጣች አራት ዓመት ሆኗታል። ባሏ ኢልዮር ሩሲያ አገር በግንበኝነት ይሠራል፤ በዓመት አንዴ ለሃያ ቀን መጥቶ፣ ቤቱን በሳቅ ሞልቶ፣ ተመልሶ ይሄዳል። ቤት የምትውለው እሷ ናት፤ ከስምንት ወር ልጇ ከሞሂራና ከአማቷ ከእማማ ሀምሮሆን ጋር።

እማማ ሀምሮሆን ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት በአትክልት የሚታሙ ሴት አልነበሩም። ከበሩ እስከ ቤቱ የሚዘልቀውን የወይን ዳስ የተከሉት እሳቸው፣ በግራ በኩል ያለውን ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ አርባ ዓመት ሙሉ በእጃቸው የኮተኮቱት እሳቸው ናቸው። ብርሃናቸው በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚያልቅ ሻማ እየደከመ ሄዶ ሲጠፋ ብዙ አላለቀሱም። ጠዋት ጠዋት ሻይ ከጠጡ በኋላ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃሉ።

"እስቲ ልጄ፣ ግቢያችንን ንገሪኝ።"

ዙልሁሞርም ትነግራቸዋለች። የትኛው ችግኝ እንዳጎነቆለ፣ የትኛው ቅጠል ተባይ እንደነካው፣ የወይኑ ፍሬ ስንት ዘለላ እንደሆነ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ ጣታቸው አንዳች ነገር እንደሚነቅል ሰው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ መጀመሪያ የምትነግራቸው ሁሉ እውነት ነበር።

ሰኔ ላይ ሞሂራ ጥርስ ማብቀል ጀመረች። እናትና ልጅ ለአንድ ሳምንት ዓይናቸው አልተከደነም። በስምንተኛው ቀን ልጅቱ ገና ሸለብ እንዳደረጋት ጎህ ሊቀድ ሆነና ዙልሁሞር መጥረጊያውን ይዛ ከበረንዳው ላይ ቆመች። ግቢው ረጅም ነው፤ ከወይኑ ሥር የረገፈው ብዙ ነው። ዛሬ ብቻ፣ አለች በልቧ። ዛሬ ብቻ የሚባለውን ያህል አታላይ ቃል ሰው አፍ ውስጥ የለም።

በአማቷ መስኮት ሥር አንድ ማጠጫ ውሃ ረጨች፤ የራሰ አፈር ሽታ በመስኮቱ እንዲገባ። ከዚያ እዚያው ላይ ሦስት እርምጃ ያህል ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ድምፁ ራቅ እንዲል መጥረጊያውን አንዴ ላላ አንዴ ጠበቅ አድርጋ ጠረገች። የበሩን ደጃፍ ግን በደንብ ጠረገች፤ እሱን የሚያይ ዓይን አለዋ። ለሚሰማው መስኮቱ፣ ለሚያየው በሩ ተጠረገና በመሀል ያለው እንዳለ ቀረ። ተመልሳ ተኛች፤ እንቅልፉም እንደዚያ ጣፍጧት አያውቅም።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ውሸት ግን ቀለለ ከተባለ የቀለለው ለመዋሸት ነው። በሰፈራችን የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ለእነሱ ማክሰኞና ዓርብ ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ትደርሳቸዋለች። ዶማ ይዞ የቦዩን አፍ ያልከፈተ፣ ውሃው አልፎት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። አንድ ማክሰኞ ተኛች፣ ዓርብም ተኛች። አንድ ቀን ጀግና ሆና ዶማውን ይዛ ወጣች፣ ልጅቱ አለቀሰች፣ ዶማውን የግቢው መንገድ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች፣ በዚያው ቀረ። ዶማው ብዙ ሳምንት እዚያው ተጋደመ። ዙልሁሞርም ስታልፍ መሻገሩን ለመደችው።

በእኛ አገር ሐምሌ በጋ ነው፤ አርባው የሐሩር ቀን ሲገባ ቲማቲሙ ቆሞ ደረቀ። በሶብላው አመድ መሰለ። አረሙ ብቻ ማንም ሳያጠጣው ጉልበት ደረሰ።

ታዲያ ጠዋት ሻይ አለ፤ ከሻይ በኋላ ጥያቄው አለ። ዙልሁሞር ያንን የደረቀ መደብ በመስኮት እያየች ቲማቲሙ ቀላ፣ ትናንት አንዱን ወፍ ቀመሰችው ትላለች። ወፏን ለምን እንደጨመረች እሷም አታውቅም፤ እማማ ሀምሮሆን ግን ስለ ወፏ ሲስቁ ዋሉ። ነገ ተነስቼ ሁሉንም አስተካክላለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ የተበላሸው ከትናንቱ በዝቶ ይጠብቃታል፤ በዝቶ ስታየው ደግሞ ከየት እንደምትጀምር ይጠፋትና ወደ አልጋዋ ትመለሳለች። ስንፍና ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እፍረት ነበር፤ እፍረት ደግሞ ከስንፍና ይልቅ እጅ ያስራል።

አመሻሽ ላይ አማቷን በእጃቸው ይዛ፣ ዶማውን በዘዴ አዙራ፣ ከበሩ ውጪ ካለው አግዳሚ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ሰፈሩ በበጋ የሚጫወተው እዚያ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባ የለም። እዚያ ተቀምጠው እማማ ሀምሮሆን ምራታቸውን ያወድሳሉ። ፊት ለፊት የምትኖረው ማስቱራ ሁለት ምራቶች አሏት፣ በሁለቱም አልረካችም። አንድ ምሽት ታዲያ፣ እማማ ይህቺን ልጅ አንድ ወር ያበድሩኝ፣ የእኔዎቹን ሁለቱንም ይውሰዱና ትርፉን ለሰደቃ ይስጡልኝ ብላ ሁሉን አሳቀች። ዙልሁሞርም ሳቀች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነሐሴ መግቢያ ላይ አንድ ማለዳ እማማ ሀምሮሆን ለሰላት ሊታጠቡ ነቁ። ምራታቸው ልጅ ስታባብል ያደረች መሰላቸውና ሊያስነሷት አልፈለጉም። ከበረንዳው እስከ ቧንቧው አሥራ ዘጠኝ እርምጃ መሆኑን እግራቸው ያውቀዋል፤ ግቢውም እንደ መስታወት የተጠረገ ነው። በአሥራ አንደኛው እርምጃ ላይ ወደቁ።

ዙልሁሞር በጩኸታቸው ነቅታ በባዶ እግሯ ወጣች። ጎረቤትም ሰምቶ ገባ፤ የማስቱራ ልጆች አሮጊቷን በብርድ ልብስ ይዘው ወደ መኪና ወሰዷቸው። ማስቱራ ከኋላ ቀረች። አረሙን አየች፣ የደረቀውን መደብ አየች፣ ከመስኮቱ ሥር ሦስት እርምጃ ያህል ብቻ የተጠረገውን መሬት አየች። ሃያ ዓመት ምራት የነበረች ሴት ናትና ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ዶማውን አንስታ ግንቡ ላይ አስደገፈችና ምንም ሳትናገር ወጣች። ዙልሁሞር ብትሰድበኝ ይሻል ነበር ብላ ያሰበችው ያኔ ነው።

የተሰበረው ዳሌያቸው ነበር። ሐኪም ቤት ታክመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያ ሁለት ሳምንት ዙልሁሞር ልጇን በጀርባዋ አዝላ ግቢውን ጠርጋ፣ አረሙን ነቅላ ጨረሰች። አንድ ወር ተኩል ያስፈራት ሥራ የሁለት ቀን ተኩል ሥራ ነበር። ይህንን ስታውቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጠያቂ መጣ፤ ዳቦና ጣፋጭ በመሀረብ ቋጥሮ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እማማ ሀምሮሆን ከአልጋቸው ላይ ሆነው ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት ነገር ይነግራሉ።

"የማንም ጥፋት አይደለም። ይህቺ ልጅ ግቢውን ገበታ አድርጋ ነው የምትጠርገው፤ በጆሮዬ እየሰማኋት። እኔ ነኝ የወይኑን ሥር የረሳሁት። አርባ ዓመት የተሻገርኩትን ሥር!" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "ዓይኔ ሄደ። አሁን ደግሞ አእምሮዬ ተከትሎት እየሄደ ነው መሰለኝ።"

ዙልሁሞር ሻይ ትቀዳለች። ማስቱራ ስኒዋን ትይዛለች፤ ቀና አትልም። ስትወጣ በሩ ላይ የዙልሁሞርን ክንድ ያዘች።

"ስሚ አንቺ ልጅ፣ እኔ አፌን አልከፍትም። እኔም በጊዜዬ ስንት ምንጣፍ ሥር ስንት ቆሻሻ ደብቄአለሁ። ግን ሴትዮዋ አበድኩ እያሉ ነው። ይህንን ትችይዋለሽ?"

"ብነግራቸው ያባርሩኛል፣ እትዬ ማስቱራ።"

"ቢያባርሩሽስ?" አለች ማስቱራ። መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ገባች።

ልትነግር ቆረጠች፤ ግን ዛሬ አመማቸው፣ ነገ እንግዳ አለ እያለች ሌላ ሳምንት ሄደ። እማማ ሀምሮሆንም ዱላ ይዘው እንዲለማመዱ ሐኪሙ ያዘዘውን እምቢ አሉ። ራሴን ካላመንኩ እግሬን እንዴት አምናለሁ አሉ። እህልም ቀነሱ። አንድ ቀን ግን አንድ ነገር አማራቸው፤ ከግቢያችን አንድ ቲማቲም አምጪልኝ አሉ።

ዙልሁሞር ገበያ ሄደች። ከሁሉ ያማረውን መርጣ፣ አጥባ፣ ቆርጣ፣ ከላዩ ጨው ነስንሳ አቀረበች። እማማ ሀምሮሆን ቀስ ብለው አኘኩ። ጭማቂው በአገጫቸው ወረደ፤ ፊታቸው በራ።

"አየሽ፣ ልጄ፣ የራስ አፈር እኮ ሌላ ነው። የገበያውን አፍሽ ውስጥ ብታደርጊው ውሃ ነው። የእጅሽን ላብ ነው የበላሁት፤ እጅሽን ይባርከው።"

እጇን ፈልገው ያዙና ሳሙት። ይህንን ነበር መሸከም ያቃታት። ስድብ ይቻላል፣ መባረርም ይቻላል፤ ያልሠራ እጅ ግን ሲሳም ያቃጥላል።

"እማማ፣ የጠለፈዎት ዶማው ነው፤ የወይኑ ሥር አይደለም" አለች። "መንገዱ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ።"

"ዶማ?" ትንሽ አሰቡ። "ስትጠርጊ አላየሽውም?"

"አልጠርግም ነበር።"

"እሰማሽ ነበር እኮ።"

"በመስኮትዎ ሥር ብቻ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ። ሦስት እርምጃ።"

ዙልሁሞር እርግማኑን ጠበቀች፤ ሻንጣዋን እንኳን በልቧ አዘጋጅታ ነበር። አሮጊቷ ግን ስለ እግራቸው አላነሱም።

"ቲማቲሙስ?"

"የለም። ሐምሌ ላይ ደረቀ።"

"በሶብላው?"

"እሱም።"

"ወፏስ?"

"ወፍ አልነበረችም፣ እማማ።"

"ይሄ አሁን የበላሁት..."

"የገበያ ነው።"

ሳህኑን በእጃቸው ዳብሰው ከጭናቸው ላይ አነሱና ወደ ጎን አስቀመጡት።

"እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። "ቀኑን ሙሉ እዚህ ስቀመጥ፣ እዚህ አልነበርኩም። አንቺ በነገርሽኝ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ቲማቲሙን እደግፋለሁ፣ ውሃውን እመልሳለሁ፣ ወፏን እሽ እላለሁ። አሁን የት ልዋል?"

ዙልሁሞር እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች፤ አላባበሏትም፣ አልገፏትምም።

አላባረሯትም። ለልጃቸውም አልነገሩም፤ ኢልዮር ሲደውል ደህና ነን፣ ሚስትህም ደህና ናት ብለው ይዘጋሉ። አእምሯቸው እንዳልከዳቸው ካወቁ ወዲህ ዱላቸውን ይዘው ክፍሉ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ወደ ግቢው ግን ማንም ቢለምናቸው አይወጡም። ከሻይ በኋላ ያ ጥያቄም ቀረ። ልጄ የሚለው ቃልም ቀረ፤ ዙልሁሞር ይሏታል፣ በስሟ፣ በጨዋ ደንብ።

እሷም ሠራች። በረዷማው ክረምት ሳይገባ ወይኑን አውርዳ፣ ውርጭ እንዳይገድለው እንደ ደንቡ አፈር አለበሰችው፤ በፀደይ ገልጣ ዳሱ ላይ ሰቀለችው። መደቡን ገለበጠች፣ ዘራች፣ ማክሰኞና ዓርብ ልጇን አዝላ የቦዩን አፍ ከፈተች። ጠዋት ጠዋት ከዳር እስከ ዳር ስትጠርግ፣ የሚሰማት ሰው እንደማያምናት እያወቀች ነበር። ከሥራው ሁሉ የከበዳት እሱ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ሻይ ተጠጥቶ ስኒ ሲነሳ አላስቻላትም።

"እማማ፣ ቃሪያው አበበ።"

እማማ ሀምሮሆን የቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ መዳፋቸው ወደ ላይ።

"አምጪው።"

የቃሪያ አበባ ከተቀጠፈ ያ ቃሪያ ቀረ ማለት ነው። ይህንን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። ዙልሁሞር ወጥታ ከመደቡ ዳር ጎንበስ አለች፣ ነጯን አበባ ቀጥፋ አመጣች፣ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። የአበባውን ቅጠል እየለዩ እያንዳንዱን ቆጠሩ።

"እሺ" አሉ።

አበባውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ባዶ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ።

"ሌላስ?"