ሙሉ ብረት ለባዶ አፎት

ሙሉ ብረት የሆነው የኤርሶፍት መጫወቻ ሽጉጥ ለዋጋው ይገባል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መልሱን አውቃለሁ። ዘጠኝ መቶ ሰማኒያ ፓውንድ ሲከፈልበት አጠገቡ ቆሜ ነበር። መልሴን ግን ከሰይፈሥላሴ ታሪክ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ደግሞም አልፈልግም።

ሰይፈሥላሴን የማውቀው ኤድመንተን ካለው መጋዘናችን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ካርቶን ተሸክመናል። የቡሬ ሰው ነው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ስለ ጉልበቱ ግን አያወራም። የሚያወራው ስለ አባቱና ስለ አባቱ ኮልት ሽጉጥ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ሊታፈስ ሲል አባቱ ያንን ኮልት ለጎረቤታቸው ለመዝገቡ ሸጡና ገንዘቡን ለደላላ ከፍለው በመተማ በኩል ሱዳን አሻገሩት። የጎጃም አባወራ ሚስቱን ከመፍታት ይልቅ መሣሪያውን መሸጥ ይከብደዋል። ሰውየው ግን ሸጡት።

አባትየው አምና ሞቱ። ሰይፈሥላሴ ለቀብር አልደረሰም፤ ቪዲዮ ተላከለት። በአገሩ ወግ የሟች ፎቶ፣ ልብሱና መሣሪያው ለቅሶው መሀል ይዞራል። የሳቸው መሣሪያ ስላልነበረ ዘመዶቻቸው ባዶውን የቆዳ አፎት ይዘው ዞሩ። የሟች እህት እማማ አስካለማርያም፣ አገር ያወቃቸው አልቃሽ፣ ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ አሉ፦

አፎቱ መጣልን፣ ሽጉጡ የታለ፣
ልጁ በልቶት ሄዶ ባሕር ማዶ አለ።

ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየው እሱና እግዜር ያውቃሉ። በምሳ ሰዓት ሳንድዊቹን አስቀምጦ ያያል።

"እኔ ነኝ እኮ፣ ዘርይሁን" ይለኛል። "የበላሁት እኔ ነኝ።"

"ሙሾ ነው፣ ቤት ለመምታት የተባለ ነው" እለዋለሁ። እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ አፎቱ ራሱ መጣ። አንድ ዘመድ ከበርበሬ ጋር አሽጎ አመጣለት። ቀጥሎም እማማ አስካለማርያም እዚሁ ከተማ ስቶክዌል ካለችው ልጃቸው ከሰሎሜ ዘንድ ለመምጣት ቪዛ አገኙ፤ ለሙት ዓመቱ እዚህ ይደርሳሉ ተባለ። ሰይፈሥላሴ ይሄኔ ነው ያበደው። ሙት ዓመቱን እዚሁ አወጣለሁ፣ አፎቱንም ሞልቼ በፊታቸው አዞራለሁ አለ።

"በምን ልትሞላው ነው?" አልኩት። "እዚህ አገር ሽጉጥ ይዞ መገኘት ዓመታት ያሳስራል።"

"አውቃለሁ። የሚመስል አለ።"

የኤርሶፍት ሱቅ ሄድን። ሻጩ ሁለት ኮልት አወጣልን። አንዱ መቶ ሠላሳ ፓውንድ ነው፤ ቀላል ቅይጥ ብረት ቢሆንም ለዓይን ያው ነው። ሌላው ዘጠኝ መቶ ሰማኒያ፣ ከአፈሙዙ እስከ ብሎኑ ሙሉ ብረት። የሚተፉት ሁለቱም ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ነጭ የፕላስቲክ ጥይት ነው። ርካሹን ውሰድ አልኩት፤ አፎት ውስጥ ሲገባ ማን ያየዋል?

"አክስቴ በእጃቸው ይይዙታል" አለኝ። "ሲይዙት መክበድ አለበት።"

ርካሹን አንስቶ "ይሄማ ቆርቆሮ ነው" ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን ሲይዝ ግን እጁ ወደ ታች ወረደ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። እኔም ያዝኩት። ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ሲስቡት እንደ እውነተኛው ቀጭ ይላል። ርካሹን ውሰድ ማለቴን ተውኩ።

መግዛቱም ቀላል አልነበረም። እውነተኛ የሚመስለውን ለተመዘገበ የኤርሶፍት ተጫዋች ካልሆነ አይሸጡም፤ ለሌላ ሰው ደማቅ ሰማያዊ ቀብተው ነው የሚሰጡት። የአባቱን ኮልት ሰማያዊ ቀብቶ ሙት ዓመት ሊያወጣ? ስለዚህ ለመመዝገብ ብሎ ሦስት ወር ያህል ከከተማ ወጣ ካለ ጫካ ውስጥ ከባንክ ቤት ጎረምሶች ጋር ጦርነት ተጫወተ። ከውትድርና ሸሽቶ አገሩን የጣለ ሰው በስተርጅናው ከፍሎ ዘመተ። ሲመቱት እጁን አንስቶ "ሂት!"፣ ተመታሁ፣ እያለ ከጨዋታው ይወጣል። ሰኞ ጠዋት አንገቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አውጥቶ ሥራ ይገባል። ሳቅሁበት፤ ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ገንዘቡን ለማጠራቀም ኦቨርታይም የሚባል አያመልጠውም ነበር። ስልኩ ሲጮህ የቡሬ ቁጥር መሆኑን ካየ ድምፁን ያጠፋል። እዚህ ያለን ሰዎች ይህን በሽታ እናውቀዋለን፤ የአገር ቤት ቁጥር ሲመጣ እጃችን ቀድሞ ኪሳችንን ይዳብሳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስቴ ደወሉ። በአምስተኛው ሊያነሳ ሲል የከለከልኩት እኔ ነኝ።

"ተው፣ ብር ነው የሚሉህ" አልኩት። "መጀመሪያ ሽጉጡን ግዛ፣ ከዚያ ትደውልላቸዋለህ።"

ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው። ሽጉጡን ገዛ፤ መደወሉን ግን ረሳው።

ሙት ዓመቱ ባተርሲ በተከራየነው አዳራሽ ሆነ። እማማ አስካለማርያም ከደረሱ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ሽጉጡን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፈን በመኪናዬ አመጣነው፤ መንገድ ላይ ቢታይ ፖሊስ መጫወቻ ነው ብሎ አይስቅልንም። ካህኑ ጸሎታቸውን አድርሰው ከሄዱ በኋላ መጋረጃውን ዘጋሁ። ሰይፈሥላሴ የአባቱን ፎቶ በግራ እጁ፣ የሞላውን አፎት በቀኝ እጁ ይዞ መሀል ገባ። ለወራት ያሰበውን ሙሾም አወጣ፦

ሽጉጥህ መጣልህ፣ አባቴ ተነሣ፣
ያ የበላህ ልጅህ ውለታ አልረሳ።

እማማ አስካለማርያም ከወንበራቸው ተነሡ። ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥተው በመዳፋቸው መዘኑት። እጃቸው ወረደ። "ወንድሜ!" ብለው ሳሙት፤ አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ፣ እኔም አለቀስኩ። ለዚያች ደቂቃ እጥፉን ቢከፍልም አይቆጭም ነበር።

ግን እማማ አስካለማርያም የመሣሪያ ቤት ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ያንን ኮልት በዘይት የሚወለውሉት እሳቸው ነበሩ። አውራ ጣታቸው ሳያስቡት ቁልፉን ተጫነች፤ የጥይት ካዝናው ወጣ። እንደለመዱት ጥይቱን ሊያወጡ ገፋ አደረጉት። ሻጩ ለሙከራ ከጨመረለት ነጫጭ ፍሬ ሦስት አራቱ ወለሉ ላይ እየነጠሩ ተንከባለሉ። ለቅሶው ቆመ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

"ሙሉ ብረት ነው፣ እቴቴ" አለ ሰይፈሥላሴ። ሻጩ ያለውን ነበር የሚደግመው። "ከአፈሙዙ እስከ ብሎኑ ብረት ነው።"

"ብረትነቱንማ አየሁት። የልጅ መጫወቻ ነው ወይ?"

ባዶውን አፎት ወደ ደረቱ አስጠጋ።

"ስንት ሰጠህበት?"

በብር ነገራቸው። ሁለት መቶ ሺህ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። እማማ አስካለማርያም አልጮኹም፤ ቢጮኹ በተሻለ። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"መዝገቡ ሞተ እኮ። ልጁ ያባትህን ኮልት በመቶ ሰማኒያ ሺህ እሰጣችኋለሁ ብሎን ነበር፣ ያንኑ ራሱን። ለሙት ዓመቱ ይድረስ ብለን አምስት ጊዜ ደወልንልህ። ስልክህን ስታጠፋብን ጊዜ፣ አልፈለገውም ብለን ተውነው። ልጁም ለማናውቀው ሰው ሸጠው።"

ሰይፈሥላሴ ወደ እኔ ዞረ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ነጫጭ ፍሬዎቹን ይለቅም ጀመር።

እማማ አስካለማርያም ወደ አገር ቤት ሲመለሱ አፎቱን ሻንጣቸው ውስጥ ከተው ወሰዱት። "እዚያ ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ የሚያፍርበት የለም" አሉት። ሽጉጡ በሰይፈሥላሴ ቁም ሣጥን ላይ በሳጥኑ ተቀምጧል።

እና ለዋጋው ይገባል ወይ? ይገባል። አንድ እንከን አላገኘሁበትም፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ሰይፈሥላሴ አሁን ከቡሬ ሲደወል አንድም አያልፈውም። ካርቶን ተሸክሞም ቢሆን አስቀምጦ ያነሳል፤ አለቃችን ሁለቴ አስጠንቅቆታል። ደዋዩ ማንም ይሁን፣ ሰላምታ ሳይሰጥ "ተገኘ ወይ?" ብሎ ይጀምራል። አልተገኘም። ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና፣ ለጣራ ቆርቆሮ ይጠይቁታል፤ እሺ ብሎ ይልካል። ስልኩ ሲጮህ እኔ ካርቶኔን ይዤ ወደ ሌላው መደርደሪያ እሄዳለሁ።