ያለ ሰረዝ አይገባም

አንድ ሽማግሌ በኬፕ ኮስት ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ናቸው፤ ደረት ኪሳቸው እስክርቢቶ አያጣም። ለእንግሊዝኛ መምህርነት የሚያመለክት ሁሉ ወረቀቱን ለእሳቸው ሳያሳይ አያልፍም። ኤፉዋ የምትባል ልጅ የማመልከቻው ሰዓት ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እየሮጠች ደረሰች።

«አንቺ! ‹ሃውኤቨር›ን በሁለት ዓረፍተ ነገር መሀል እንዲህ ራቁቷን ታቆሚያታለሽ? ከፊቷ ድርብ ሰረዝ፣ ከኋላዋ ነጠላ!»

«ፓፓ፣ ሊዘጋብኝ ነው እኮ! ይህን ሁሉ እያወቁ ምነው ራስዎ አያስተምሩም?»

«ዲግሪ የለኝማ።» ሰረዞቹን አስገቡላትና በሩን ከፈቱ። «በይ ሩጪ!»

ደረሰች፤ ተቀጠረችም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ አዋቂ አጥቶ አያውቅም፤ በር ያስጠብቀዋል። ሰኞ ጠዋት ሽማግሌው ኤፉዋን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙና «እንደምን አደሩ፣ ማዳም?» አሏት።